ለሚቆይ ሰው የሚሰጥ መብራት፦ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ባሕር ዳር

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ የደብረ ታቦርን ስም ድምፁ እስኪዘጋ እየጠራ ነው። ጥቅምት እያለቀ ነው። በጣና በኩል ስስ ጉም ተኝቷል፤ ሴቶች ትኩስ ዳቦ በፌስታል አድርገው በየመኪናው መስኮት ያስገባሉ። የያዝኩት አንድ የትከሻ ቦርሳና አንድ ወፍራም ጋቢ ብቻ ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ስሜ ትርንጎ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ በኪራይ ግቢ፣ የድንች ቺፕስ እየጠበስኩና እያሸግሁ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ዓለሚቱና ሰብለ የሚባሉ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። የግቢው ባለቤት ቤታቸውን ሸጡት። አዲሱ ገዢ ሊያፈርሰው ስለሆነ ኅዳር ሳይጋመስ ልቀቂ ተብያለሁ። በኅዳር አጋማሽ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ቺፕስ በደንብ የሚፈለገው በጾም ነው። ያኔ መጥበሻዬ ከቀዘቀዘ ሱቆቹ ሌላ ሰው ፈልገው ያገኛሉ።

የምጠብሰው ድንች ከደብረ ታቦር ዙሪያ፣ ከፋርጣ ነው የሚመጣልኝ። የተወለድኩትም እዚያው ነው። እናትና አባቴ ካረፉ ወዲህ ቤት የለኝም እንጂ አገሩ አገሬ ነው። ታዲያ ድንቹን ቁልቁል ከማስመጣ እኔ ሽቅብ ወደ ድንቹ ብሄድስ? ከተማዋ በትንሹ ጀምሮ ሠርቶ ማደር የሚፈልገውን የራሷን ሰው ምን ያህል ትደግፈዋለች? ይህን ከወሬ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ መወሰን አለብኝ። ይህን ገጽ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ እንደ እኔ በሰው ግቢ ተጠግታችሁ የምትሠሩ ስለሆናችሁ ያየሁትን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ።

ሾፌሩ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

“መንገዱ እንዴት ነው ጋሼ?” አልኳቸው።

“ትናንት ሰላም ነበር። የዛሬውን እየሄድን እናየዋለን” አሉና ሞተሩን አስነሡ።

ሐሙሲት፣ ረፋድ

ገበያ ቀን ነውና አስፋልቱ የእኛ አይደለም። ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች፣ በቅል ቅቤ የያዙ የአንበሳሜ ሴቶች፣ ሸንኮራ በትከሻው የተሸከመ ጎልማሳ። ጋሽ ዘለቀ ጡሩምባቸውን አልነኩም። መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው “እናቴ፣ ጥቂት ጠጋ ይበሉልኝ” እያሉ በየመሐሉ አለፉ።

ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ስለ ልጃቸው አወሩኝ። ልጃቸው ደብረ ታቦር መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቶ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ተነሣ።

“ሜዳ ላይ አልጣሉትም። ምትክ ቦታ ሰጥተውታል” አሉ።

“ታዲያ ምን ሆነ?”

“ቦታው መኪና የማያልፍበት ነው። ጎማ የሚጠግን ሰው መኪና ከሌለበት ምን ያደርጋል? አሁን ባሕር ዳር ተቀጥሮ ይሠራል።” ማርሽ ቀይረው ጥቂት ከነዱ በኋላ፣ “አንቺም ቦታ ሲሰጡሽ ስፋቱን ብቻ አትዪ። ማን ያልፍበታል ብለሽ ጠይቂ” አሉኝ።

ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። የፎገራ ሩዝ ማሳ ቢጫ ሆኖ እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቷል። ቁርስ የበላንበት ቤት እንጀራው ሩዝ ተቀላቅሎበት ነጭና ለስላሳ ነው፤ ሽሮው ቃሪያ በዝቶበታል። ከዓለም በር በኋላ መንገዱ መውጣት ጀመረ። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ባሕር ዛፉ ረዘመ፣ ገብሱ ገና ሊበስል ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ይወዛወዛል። ከድንች ማሳ የሚቆፍሩ ሰዎች ቀና ብለው ያዩናል። እኔም ጋቢዬን አውጥቼ ደረብኩ።

ደብረ ታቦር፣ ከሰዓት

የሺ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ከበግ ፀጉር ባና ትሠራለች፤ ያ የደጋ ሰው የማይለየው ወፍራም ብርድ ልብስ። የፋርጣ በግ ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ባናዋ ከአንድ ትውልድ ያልፋል። ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ከተማው ለሥራ የሚሆን ሼድ ከሰጣቸው ሰዎችም አንዷ እሷ ስለሆነች ከሁሉ በፊት እሷን ልጠይቅ አስቤ ነበር።

ቤቷ ገብተን ድንች ወጥ በልተን ገና እጃችንን ሳንታጠብ ነገሬን ጀመርኩ። ስለ ሼዱ፣ ስለ ውሃው፣ ሼድ ስለሚሰጠው የከተማው ቢሮ ጠየቅኋት። “እኔ እኮ አንቺ የመጣሽው የባሕር ዳር ቤት አግኝተሽልኝ መስሎኝ ነበር” አለችኝ።

“የምን ቤት?”

“ልወርድ ነው ትርንጎ። ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። በስልክ ያልኩሽ እሱን ነው፤ መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር አልሰማሽኝም።”

እኔ ልወጣ፣ እሷ ልትወርድ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ለምን እንደምትሄድ ስጠይቃት “ነገ ሼዱን እይውና አንቺው ትነግሪኛለሽ” ብላ ሳህኑን አነሣች። ምሽቱን በባናዋ ተሸፍኜ ተኛሁ። ብርዱ አልደረሰብኝም፤ እንቅልፍ ግን አልመጣልኝም።

ዓርብ፣ ጠዋት፤ ሼዶቹ

ከከተማው ዳር፣ ወደ ጉና ተራራ በሚያሳየው ጎን፣ የቆርቆሮ ሼዶች ተደርድረዋል። በሮቻቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚሠራበት ማኅበር ስም ተጽፏል። ከፊት ለፊታቸው የሚያልፈው መንገድ ወደ ከብት ገበያው የሚወስደው ስለሆነ ሰው አይጠፋበትም። የጋሽ ዘለቀን ምክር አስታውሼ ቆሜ አየሁ፤ ጭነት መኪናም ጋሪም ያልፋል።

ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው ወረደ፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ። ዘግቼ ጥቂት ቆይቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ደግሞ ወረደ። ድንች የሚያጥብ ሰው ይህን የሚያየው በደስታ ነው። ከየሺ ሼድ አጠገብ አንዱ ተዘግቷል። ማኅበሩ ተበትኖ ባዶ ቀርቷል። በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ፦ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ለፍሳሽ ቦይ ተበጅቶለታል፣ ጣሪያው አያፈስም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ከዚያ የሺ የራሷን በር ከፈተች። ከአምፖሉ ሥር ሴቶች ተቀምጠው የበግ ፀጉር በእጃቸው ይነድፋሉ። ጥግ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ትልቅ ነገር አለ፤ ላስቲኩ ላይ ዶሮ ሰፍራለች። የሺ ዶሮዋን እሽ ብላ ላስቲኩን ገለጠችው። የፀጉር መንደፊያ ማሽን ነው። አዲስ ነው፤ ጥርሱ ላይ አንድ ክር እንኳ አልያዘም።

“ከመጣ ጀምሮ አልዞረም። እዚህ ያለው መብራት የአምፖል ነው። ይኼ የሚፈልገው ባለ ሦስት መስመር ኃይል ነው” አለች። “እነዚህ ሴቶች በእጃቸው የሚነድፉትን ይኼ ባንድ ረፋድ ይጨርሰው ነበር። እኔ ሥራ ጠልቼ አይደለም የምሄደው። ዕድሜዬን ስጠብቅ ልጨርስ ነው?”

የእኔም የድንች መክተፊያ የሚሠራው በዚያው ኃይል ነው። አጠገቡ ያሉት አናጢዎችም በእጅ መጋዝ ነው የሚሠሩት። ሼዱ ቤት ነው፤ የሥራ ቤት ግን ገና አልሆነም። የሺን “ተነሺ፣ ቢሮ እንሂድ” አልኳት።

“ሄጄ አውቃለሁ።”

“ከእኔ ጋር አልሄድሽም።”

ዓርብ፣ ቢሮው

በቢሮው ያገኘናት ባለሙያ መቅደስ ትባላለች። ወጣት ናት፣ በሹራብ ላይ ነጠላ ደርባለች። የጠበቅሁት የሚያባርር ሰው ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠችን። ባዶውን ሼድ መታወቂያዬን ካዛወርኩና አብረውኝ ከሚሠሩት ጋር ተደራጅቼ ከመጣሁ ላገኘው እንደምችል ነገረችኝ። በግልጽ ነው ያስረዳችኝ። ስለ ኃይሉ ስጠይቃት ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“እውነቱን ልንገርሽ እህቴ? ሼዱ የእኛ ነው፤ መብራቱ የእኛ አይደለም። እኔ የምጽፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ሽቦ አይሆንም።”

“ታዲያ ሰው ምን ያድርግ?”

“የመብራት ሰዎች ዘንድ አብሬያችሁ ልሂድ። እዚህ ተቀምጬ ከምመልሳችሁ ይሻላል።”

ቢሮዋን ቆልፋ አብራን መጣች። ይህን በተለይ መጻፍ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ስለ ከተማ ስናወራ ስለ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው የምናወራው፤ ወንበሯን ትታ ስለምትነሣዋ ሴት አናነሣም።

የመብራት መሥሪያ ቤቱ የመስመር ባለሙያ ጎልማሳ ሰው ነው። ነገሩን አላድበሰበሰም። ለሼዶቹ ብቻ ትራንስፎርመር ይተከል ቢባል ወረፋው ረጅም ነው። ቅርብ ያለው ባለ ሦስት መስመር ኃይል ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ሰው ወፍጮ ቤት ያለው ነው፤ ትራንስፎርመሩን ግን ሐጂ በራሳቸው ገንዘብ ነው የገዙት። ለወፍጮው ተርፎ ለሼዶቹ የሚሆን አቅም አለው። እሳቸው ከፈቀዱ፣ ምሰሶውንና ጉድጓዱን የሼዶቹ ሰዎች ከቻሉ፣ ሽቦና ቆጣሪውን የመብራት ሰዎች ሊዘረጉ ይችላሉ።

“ፈቃዳቸውን ይዛችሁ ኑ” አለን። “ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድ ሚስማር አልመታም።”

ስንወጣ የሺ ነጠላዋን አጣፋች። “ሐጂ ሰይድ ተጠይቀው ያውቃሉ። እምቢ ብለዋል።”

“ለምን?”

“ራሳቸው ይንገሩሽ።”

ቅዳሜ፣ ወፍጮ ቤት

ቅዳሜ ገበያ ነው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርቧል። ገብስ፣ ስንዴ፣ የተቆላ ሽሮ። ገበሬዎቹ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሶ፣ ግድግዳ ተደግፈው ይጨዋወታሉ። ሐጂ ሰይድ በር ላይ ባለች ዱካ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸውም ቆባቸውም በዱቄት ነጭ ሆኗል። ሥራ እስኪቀል ጠብቀን ቀረብን።

“እንዴት አረፈዱ ሐጂ?”

“አልሐምዱሊላህ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?”

“የአናጢው የአለሙ።”

አዩኝ። “አባትሽን አውቃቸዋለሁ። የዚህን ቤት በር የሠሩት እሳቸው ናቸው።” ደስ ሲለኝ አይተው ይመስለኛል ወዲያው ቀጠሉ፦ “ግን የመጣሽበትን ሳልሰማ ስለ አባትሽ ብዬ እሺ አልልሽም። ተናገሪ።”

ተናገርኩ። የሺም ተናገረች። ሐጂ እየሰሙ የአንዱን ገበሬ ጆንያ አፍ በገመድ አሰሩ። ከዚያ ለምን እምቢ እንዳሉ ነገሩን።

ከዚህ በፊት ለአንድ ወጣት አናጢ ፈቅደው ነበር። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን ከአቅም በላይ ማሽን ሰክቶ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። አውድማ ከተነሣ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እህሉን በሚያስፈጭበት ወቅት ወፍጮው ቆመ። ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ ያመጣውን እህል ተሸክሞ ተመለሰ።

“ማቃጠሉን ይቅር ብዬዋለሁ። ሰው ነው ይሳሳታል” አሉ። “የከፋኝ ሌላ ነው። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሳይመጣ፣ አብረን እንጠግነው ሳይለኝ ሄደ። ጠዋት ሼዱ ተዘግቶ አገኘሁት። እኔ ግን የት እሄዳለሁ? እዚሁ በር ላይ ተቀምጬ የሰውን ፊት ሳይ ከረምኩ። ከዚያ ወዲያ ለሚሄድ ሰው መብራት አልሰጥም ብያለሁ።”

ከዚያ የሺን በስሟ ጠሯት። “የሺ፣ ትቆያለሽ?”

ወፍጮው ሲጮህ ይሰማኛል። አዎ ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን፣ “ሐጂ፣ አንቱን አልዋሽም። ዕቃ መጠቅለል ጀምሬያለሁ” አለች።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ? ልትኖሪ ነው የመጣሽው ወይስ ልታይ?”

እኔም ብሆን አዎ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። እንዲያ አልኳቸው።

“እንግዲህ እውነቱን ስለነገራችሁኝ አልቆጣም” አሉ። “ወስናችሁ ኑ። ሁለታችሁም።”

ቅዳሜ፣ ማምሻውን

ከወፍጮ ቤት ወደ የሺ ቤት ሄድን። ኮብልስቶኑ ዳር ወጣቶች ኳስ ጨዋታ በስልክ ከበው ያያሉ፣ ባጃጆች ሽቅብ ያቃስታሉ። እቤት ስንደርስ ልጆቿ የተጠቀለለውን ዕቃ ተደግፈው ያጠናሉ። የሺ አየቻቸውና ወደ ጓሮ ይዛኝ ወጣች።

“አንቺ ትመጫለሽ?” አለችኝ።

“አንቺ ከሄድሽ ማን አለኝና?”

“እንዲያ አትበይ። በእኔ አታሳብቢ። አንቺ ለራስሽ ትመጫለሽ ወይ ነው የምልሽ። እኔን አስቀርተሽ በመንፈቁ ብትሄጂ፣ ከሐጂ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።”

ንግግሯ ከበደኝ፤ ልክም ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባሕር ዳር ሰው ለምጃለሁ፣ ሱቆቹ እዚያ ናቸው፣ ሙቀቱ ይስማማኛል። ግን እዚያ ስንት ግቢ ቀየርኩ? በየግቢው ምድጃ ሠርቼ አፍርሼ ወጥቻለሁ። ዘይት ሸተተን ብለው ያባረሩኝም አሉ። ለሱቆቹ ቺፕሱን በመኪና ቁልቁል ልልክላቸው እችላለሁ። እዚህ ውሃ አለ፣ ድንቹ ከማሳ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር ይደርሰኛል፣ ቤቱ ለሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የሚያባርር አከራይ የለበትም። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ለዚያ አንድ ነገር ደግሞ የሚታገል ሰው አይቻለሁ። ሌላ ቦታ ብሄድም መታገሌ ላይቀር፣ ለምን የራሴ በሚሆን ነገር አልታገልም?

“እመጣለሁ” አልኳት። “ኃይሉ ቢዘገይም እመጣለሁ። በእንጨት እየጠበስኩ በቢላ እከትፋለሁ።”

የሺ ልጆቿን ጠራቻቸውና “ያን ዕቃ ፍቱት” አለቻቸው። ትልቋ ገመዱን መፍታት ጀመረች። ታናሽየዋ አለቀሰች፤ ባሕር ዳርን ለማየት ጓጉታ ነበር። እኔ ሳልፍ ሳገድም እንደምወስዳት ቃል ገባሁላት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በቀጥታ ሐጂ ዘንድ ሄድን። ቤታቸው በር ላይ ተቀበሉን። ነገሩን ስንነግራቸው እሺም እምቢም አላሉም። ከዘራቸውን አንሥተው “ሼዱን አሳዩኝ” አሉ።

በእግር ሄድን። እዚያ ደርሰው የየሺን ማሽን ዞረው አዩት፣ ጥርሱን በጣታቸው ነካኩት፣ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሚስብ ጠየቁ። የተጠቀለለውን ባና ገልብጠው አዩ። የአናጢዎቹንም ቤት አስከፈቱ። መጨረሻ ላይ ባዶው ሼድ በር ላይ ቆመው ቅድመ ሁኔታቸውን ተናገሩ።

“ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ኃይሉ የወፍጮ ነው። ማንም አይሰካም። አውድማ በሚነሣበት ወቅት ጠዋት ጠዋቱ የወፍጮ ነው። በሌላው ሰዓት ተስማምታችሁ ሥሩ። የመስመር ባለሙያው ያላየው ማሽን አይነሣም። ትራንስፎርመሩ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ሁላችንም አብረን እንጠግናለን፤ ማንም በር ዘግቶ አይሄድም። ይህን በመቅደስ ፊት ትፈርማላችሁ።”

“እንፈርማለን ሐጂ” አለች የሺ።

“ኢንሻአላህ እንግዲህ” አሉና ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ

መቅደስ ጠዋቱን ስምምነቱን አዘጋጅታ አስፈረመችን። ከሰዓት ቁፋሮ ጀመርን። የሼዱ ሰው ሁሉ ወጣ፤ አናጢዎቹ፣ የየሺ ሴቶች፣ ከዳር ያለው ብሎኬት ሠሪ ሳይቀር። ምሰሶውን ከፋርጣ ገበሬ በጋራ ተስማምተን ገዛን፤ ባለሙያው ቀጥ ማለቱንና መድረቁን አይቶ ተቀበለው። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ለስላሳ አፈር ነበሩ። ከከብት ገበያው መንገድ ማዶ ያለው ግን አለት ሆኖ ጠበቀን። ዶማው ሲመለስ እጅ ያንዘፈዝፋል። አንዱ አናጢ ቦታውን ትንሽ እናሽሽ ሲል ባለሙያው አይሆንም፣ መስመሩ ይጣመማል አለ። በተራ እየተቀባበልን ደበደብነው። ሲመሽ ግማሽ ደርሶ ነበር። ማንም ነገ አልመጣም አላለም።

እኔ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ባሕር ዳር ወረድኩ። መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ቦርሳዬን በክንዴ ነው የያዝኩት። ዓለሚቱና ሰብለ ወሬውን ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ዓለሚቱ ወዲያው “እመጣለሁ” አለች። ሰብለ አልቻለችም፤ ባሏ እዚያው ነው የሚሠራው፣ ልጇም ገና ጡት አልጣለም። አቅፌያት ቆየሁ። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አብራኝ የጠበሰች ሴት ናት፤ ስሄድ እሷን ትቼ መሄዴን ለማስዋብ አልሞክርም።

ኅዳር፣ ደግሞ ሽቅብ

መታወቂያዬን አዛውሬ፣ ከዓለሚቱ ጋር ተደራጅቼ ባዶውን ሼድ ካገኘሁ በኋላ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ዕቃዬን በአይሱዙ ጭኜ ወጣሁ። መጥበሻዎቹ በገመድ ታስረው ይንኳኳሉ፤ መክተፊያው በእኔው ጋቢ ተጠቅልሏል። ዓለሚቱ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ወረታን ካለፍን በኋላ ባየችው ተራራ ሁሉ “ይኼ ነው ጉና?” ትለኛለች። ገብሱ ታጭዷል። ማሳው ላይ ክምር ቆሟል፤ ከየመንደሩ አውድማ የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማል።

ሼዶቹ ጋ ስንደርስ ምሰሶዎቹን አየኋቸው። ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ያ አለት ላይ ያለውም። ሽቦው ተወጥሯል። የመስመር ባለሙያው መሰላሉ ላይ ነበር። የደረስነው ሊያገናኙት በተዘጋጁበት ሰዓት ነው። ለዚህ ሲባል ሐጂ ሰይድ ወፍጯቸውን አቁመውታል፤ እህል ያመጡ ገበሬዎች ሊያዩ ተከትለዋቸው መጥተው መንገድ ዳር ቆመዋል። አንዱ “ዛሬ ሳላስፈጭ ልመለስ ነው?” ሲላቸው፣ “ጥቂት ታገሥ። እነዚህም ሠርተው የሚበሉ ናቸው” ሲሉት ሰማሁ።

የሺ ማሽኗን አስነሣች። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ድምፁ ስልት ያዘ፤ የገባው ጥቁር የበግ ፀጉር እንደ ደመና ሆኖ በዚያኛው ወገን ወጣ። ሴቶቹ እጃቸውን ሰብስበው ቆመው ያያሉ። የሺ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ሌላ እፍኝ ጨመረች።

እኔም አላስቻለኝም። መክተፊያዬን ከመኪና አስወርጄ ባለሙያውን አሳይቼ ሰካሁት። ሁለቱ አብረው እንደተነሡ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። ሐጂን ለማየት ደፈርኩ አልልም። ባለሙያው ሳጥኑን ከፍቶ አየና “ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያጠፋው መቁረጫ ነው የወደቀው። ትራንስፎርመሩ ደኅና ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስነሣት አይቻልም፣ ተራ ይዛችሁ ሥሩ” አለ።

ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “ሰማችሁ። ከወፍጮው ቀጥሎ የሺ፣ ከሷ ቀጥሎ ይቺ። ሂዱ ሥሩ። የሰው እህል ይጠብቀኛል” ብለው ገበሬዎቻቸውን አስከትለው ሄዱ።

እንግዲህ፣ ደብረ ታቦር ለሠራተኛ ሰው ትመቻለች ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይህ ነው። ቤትና ውሃ አላት። ኃይሏ ገና አልደረሰም፤ ቢደርስም ተራ ይጠበቃል። መቅደስን የመሰሉ ሰዎች በየቢሮው ከበዙ ብዙ ነገር ይቃናል፤ ካልበዙ ሼዱ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው ትራንስፎርመሩን በራሱ ገንዘብ ባይገዛ ኖሮ የሺ ዛሬ ባሕር ዳር በሆነች ነበር። ከተማው በዚህ መኩራት የለበትም። እኛም ለሼዶቹ የሚገባውን ትራንስፎርመር መጠየቃችንን አላቆምንም፤ ሰኞ ሰኞ ቢሮ እንሄዳለን። እኔ ግን ዕቃዬን አውርጃለሁ። ተመልሼ አልጭነውም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጀንበሯ ወደ ፎገራ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ዓለሚቱ በዚያ በሚያደነዝዝ ውሃ ድንቹን አጠበች፤ ድንቹ ጠዋት የተቆፈረ ስለሆነ ቆዳው በእጅ ብቻ ይላጣል። ከተፍኩ፣ ጠበስኩ፣ አሸግሁ። የመጀመሪያውን ከረጢት ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሐጂ ሰይድ እጃቸውን ከዱቄቱ አራግፈው አንዷን ፍሬ አነሡና ቀስ ብለው አኘኩ።

“ጨው አንሶታል” አሉ።

ከረጢቱን ግን አልመለሱልኝም፤ አፉን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።